ነጭ የደም ሴሌ 3.3 ነው አሉኝ፤ በሽታ መከላከል አልችልም ማለት ነው?

የሆጤው (ሰኞ ማታ 3፡40)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያለሁት፤ ዕድሜዬ 27 ነው። ለሥራ የጤና ምርመራ አምጣ ተባልኩና ባለፈው ሐሙስ አንድ ክሊኒክ ደም ሰጠሁ። ምንም አላመመኝም ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ነጭ የደም ሴል 3.3 ይላል፤ ጎኑ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት አለ። ከሥሩ ኒውትሮፊል 1.3 ይላል፤ እሱም ቀስት አለው። ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ «ነጭ ደምህ አንሷል፣ የመከላከል አቅምህ ደካማ ነው፣ ትልቅ ሆስፒታል ሂድ» አለችኝ። በቃ። ወረፋ ስለነበር ቀጣዩን ጠራች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አንዱ ጓደኛዬ የደም ካንሰር ነው ይላል። ሌላው ኤችአይቪ ተመርመር ይለኛል። እናቴ እንዳታይ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቄዋለሁ። ለመሆኑ እነዚህ ነጭ ሴሎች ሥራቸው ምንድን ነው? 3.3 ማለትስ ስንት ነው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ቦርከና (ሰኞ ማታ 3፡58)

አብሽር ወንድሜ። እኔንም የዛሬ ሁለት ዓመት 3.6 ብለውኝ ነበር። ይኸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ፣ ደህና ነኝ። ግን ለምን እንደሆነ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። እኔም ልከታተል።

ጤናዳም (ሰኞ ማታ 4፡05)

ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ፌጦም ጨምርበት። በሁለት ሳምንት ይሞላልሃል። ለጥንቃቄ ደግሞ አሞክሳሲሊን ጀምር።

ማይክሮስኮፕ (ሰኞ ማታ 4፡35)

የሆጤው፣ በመጀመሪያ ተረጋጋ። ኮምቦልቻ ውስጥ ላብራቶሪ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። እንዳንተ ያለ ወረቀት በየሳምንቱ አያለሁ።

ቁጥሩን እንፍታው። 3.3 ማለት በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ 3,300 ነጭ ሴል አለ ማለት ነው። ያቺ ጠብታ ጥቂት የጤፍ ፍሬዎችን ብታህል ነው። አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር ደም አለው። አባዛው፤ አሁን በደምህ ውስጥ ብቻ ከ16 ቢሊዮን በላይ ነጭ ሴል እየዞረ ነው። ይህ ደግሞ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው መቅኔ ውስጥ፣ ጣፊያ ውስጥ፣ በየሥጋው መካከል ነው ያለው። ማሽኑ የሚቆጥረው መንገድ ላይ ያገኘውን ነው፤ ቤት ያለውን አያይም።

ቀስቱን ማን አደረገው? ማሽኑ። ማሽኑ ላይ ብዙ ጊዜ የተሞላው መደበኛ መጠን ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። ከዚያ በታች ያየውን ሁሉ ቀስት ያደርግበታል። አንተን አያውቅህም። መጠኑም በአብዛኛው ከሌላ አገር ሰዎች ደም የተወሰደ ነው። ብዙ አፍሪካውያን፣ እኛ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ እንዲሁም ብዙ የመኖች፣ ጤነኛ ሆነን ነጭ ሴላችን፣ በተለይ ኒውትሮፊል የሚባለው ዓይነት፣ ዝቅ ይላል። አንዱ ምክንያት ዳፊ የሚባል፣ ቀይ የደም ሴል ላይ የሚገኝ ምልክት ነው። ይህን ምልክት በውርስ ያጡ ሰዎች በደም ውስጥ የሚዞረው ኒውትሮፊላቸው ያንሳል። ግን በኢንፌክሽን ከሌላው ሰው በላይ አይጠቁም። መቅኔያቸው ሙሉ ነው። እንዲያውም ያ ምልክት የሌለው ሰው ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በቀላሉ አይገባበትም።

ይህ ያንተ ነገር ነው አልልህም፤ በስልክ ደም አይታይም። እስኪ እነዚህን መልስልኝ፦ ሄሞግሎቢንህ (የቀይ ሴል መለኪያው) ስንት ነው? ፕሌትሌትስ (ደም የሚያረጋው)? ከምርመራው በፊት ጉንፋን ይዞህ ነበር? ክብደት ቀንሰሃል? ማታ ያልብሃል? አፍህ ደጋግሞ ይቆስላል? የምትወስደው መድኃኒት አለ?

ጤናዳም፣ ስለ አሞክሳሲሊኑ ግን እለምንሃለሁ። አንቲባዮቲክ ነጭ ሴል አይጨምርም። ሥራው ባክቴሪያ ላይ ነው። ባክቴሪያ በሌለበት ሲወሰድ የሚያተርፈው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው።

የሆጤው (ሰኞ ማታ 4፡50)

እግዜር ይስጥልኝ። ሄሞግሎቢን 16.4፣ ፕሌትሌት 245 ይላል፤ ሁለቱም ቀስት የላቸውም። ክብደቴ ያው ነው። ማታ አያልበኝም። መድኃኒት አልወስድም። ጉንፋን ግን አዎ! ከምርመራው አምስት ቀን በፊት ክፉኛ ይዞኝ ነበር። ምን አገናኘው?

ማይክሮስኮፕ (ሰኞ ማታ 5፡02)

በጣም ይገናኛል። ብዙ ቫይረሶች ለጊዜው ነጭ ሴልን ያወርዳሉ፤ ቆይቶ ይመለሳል። ቀይ ሴልህና ፕሌትሌትህ ደህና መሆናቸው ጥሩ ምልክት ነው። መቅኔ ሲታመም ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ነጥሎ አይጎዳም። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድገም፣ ስሚርም ይሠራልህ። ስሚር ማለት ደምህ ብርጭቆ ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ፣ በሰው ዓይን ሲታይ ነው።

ኤችአይቪን በነጭ ሴል ቁጥር ማወቅ አይቻልም። የራሱ ምርመራ አለው፤ የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሠራል። ሄደህ ተመርመርና አእምሮህን አሳርፈው።

መምህሩ (ማክሰኞ ጠዋት 1፡15)

የሆጤው ልጄ፣ እንደምን አደርክ። ማይክሮስኮፕ ቁጥሩን ፈታልህ፤ እኔ ሥራቸውን ልንገርህ። ባዮሎጂ ለ30 ዓመት አስተምሬያለሁ። እዚህ ርዕስ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ የምጀምረው በእሾህ ነው።

ያደግኩት ገራዶ ነው። ከብት ስጠብቅ የአጋም እሾህ ተረከዜን ወጋኝ፤ ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። ማታ ዙሪያው ቀላ፣ ሞቀ፣ አበጠ፣ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። በማግስቱ አመረቀዘ። በሦስተኛው ቀን ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። መራመድ አቃተኝ፤ እናቴ አዝላኝ ገባች። ከቀናት በኋላ መግሉ ፈነዳና እሾሁ አብሮ ወጣ። ያን ጊዜ እግሬ የበሰበሰ መስሎኝ አልቅሻለሁ። ለካ ነጭ ሴሎቼ ሥራ ላይ ነበሩ።

እሾህ ቆዳ ሲበሳ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። ከቆዳ ሥር ማክሮፌጅ የሚባሉ ትልልቅ ሴሎች ይኖራሉ። ባዕድ ነገር ሲነኩ ይውጡታል፤ ወዲያውም ኬሚካል ይለቃሉ። እኛ ወሎዎች የቅሬን (የእድርን) ጥሪ እናውቃለን። ለቅሶ ሲኖር ጥሪው ይሰማል፤ ከየቤቱ ሰው ይወጣል፤ ማንም ለምን አይልም። ያ ኬሚካል ልክ እንደዚያ ነው። በአካባቢው ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደም ስለሚበዛ ይቀላል፣ ይሞቃል። ግድግዳቸው ፈሳሽ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ያብጣል።

በደም ውስጥ የሚጓዙት ኒውትሮፊሎች ጥሪው ሲደርሳቸው ፍጥነታቸው ይቀንሳል። በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ እየተንከባለሉ ይሄዳሉ። ከዚያ ይጣበቃሉ። ከዚያ ራሳቸውን አጥብበው በግድግዳው ሴሎች መካከል ሾልከው ይወጣሉ። ቁስሉ ጋ ሲደርሱ ባክቴሪያውን ይውጡታል፤ ሆዳቸው ውስጥ ከኦክስጅን በሚሠሩት መርዝ ይገድሉታል። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ ዘርግተው ያጠምዱታል። ይህ መረብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ መጽሐፍ ላይ አልነበረም። ያነበብኩ ቀን ለተማሪዎቼ እስክነግራቸው ቸኩዬ ነበር።

ከዚያ እዚያው ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ነው። መግል ብለን የምንጸየፈው በአብዛኛው እነሱው ናቸው። መቅኔያችን በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን አዳዲስ ኒውትሮፊል ያወጣል። ለዚህ ነው የአንድ ቀን ቁጥር ብዙ የማያስፈራኝ።

ንፍፊቱስ? ሌሎች ሴሎች የባክቴሪያውን ቁራጭ ተሸክመው በሊምፍ ቧንቧ ወደ ብሽሽት ዕጢ ይወስዳሉ። እዚያ ሊምፎሳይት የሚባሉ ሌሎች ነጭ ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሊምፎሳይት የሚያውቀው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው፤ እንደ ቁልፍ በለው። ቁራጩ የሚገጥመው ሲገኝ ያ ሴል ይባዛል፣ ይባዛል፣ ዕጢው እስኪያብጥ ድረስ። ቢ የሚባሉት ፀረ እንግዳ አካል ይሠራሉ። ይህ ባክቴሪያው ላይ የሚለጠፍ ፕሮቲን ነው፤ የተለጠፈበትን ባክቴሪያ ማክሮፌጅ ቶሎ ይውጠዋል። ቲ ከሚባሉት አንዱ ወገን በቫይረስ የተያዘን የራሳችንን ሴል ይገድላል፤ ሌላው ወገን ሁሉንም ያስተባብራል። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ይህን አስተባባሪውን ነው። ጉዳቱ የከፋው ለዚህ ነው።

ሴሎች ባዕድ ነገርን ከበው እንደሚከላከሉን ያስተዋለው ሰውም እሾህ ነበር የያዘው። ኤልያ ሜችኒኮፍ ይባላል፤ የሩሲያ ግዛት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ጣሊያን፣ መሲና ከተማ ሆኖ፣ እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ ዕጭ ወስዶ እሾህ ሰካበት። በማግስቱ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። በ1908 ከጳውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ኤርሊክ ነጭ ሴሎችን በቀለም ነክሮ የለያየ ሰው ነው። ወዳጃችን ማይክሮስኮፕም ዛሬ በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው።

ማይክሮስኮፕ (ማክሰኞ ቀን 7፡20)

መምህር፣ እርስዎ ቢያስተምሩኝ ኖሮ! እውነትዎን ነው። ቀለም የገባበትን ስሚር ሳይ ዛሬም ደስ ይለኛል። የኒውትሮፊል አስኳል ሐምራዊ ሆኖ ከሦስት እስከ አምስት ቦታ ይከፋፈላል፤ በቀጭን ክር የተያያዘ ጨሌ ይመስላል። የሊምፎሳይት ደግሞ ክብ ሆኖ ሴሉን ይሞላዋል። መቶ ሴል ቆጥረን ስንቱ ምን እንደሆነ እንጽፋለን።

የሸዋበሯ እናት (ማክሰኞ ማታ 2፡30)

ጥያቄ አለኝ። ልጄ 14 ወሯ ነው። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሯ ወስዳለች፤ በ15 ወሯ ድገሚ ብለውኛል። ሊምፎሳይቱ አንዴ ካወቀ ለምን ይደገማል? ክትባቱ ቀን ሌሊቱን ስታተኩስ ስላደረች እውነቱን ለመናገር ልተወው አስቤ ነበር።

ነርሷ (ማክሰኞ ማታ 2፡55)

እህቴ፣ እንዳትተዪው። በ9 ወር ላይ አንዳንድ ሕፃናት ከእናታቸው የወረሱት ፀረ እንግዳ አካል ገና አላለቀም። እሱ ክትባቱን ቀድሞ ያጠፋዋል፤ የልጁ ሊምፎሳይቶች ሳይማሩ ይቀራሉ። ልጅሽ ከየትኞቹ እንደሆነች በዓይን አይለይም። ሁለተኛው መጠን ያመለጡትን ይይዛል።

ትኩሳቱ ደግሞ የሴሎቿ ሥራ ነው። ማክሮፌጆች የሚለቁት ኬሚካል በደም ወደ አንጎል ሄዶ የሙቀት መጠኑን ከፍ ያስደርጋል። አዲስ ጠላት ሲመጣ ሊምፎሳይቶች ተባዝተው ለመድረስ ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ከዚያ የሚያስታውሱ ሴሎች ይቀራሉ። ሁለተኛ ሲመጣ በጣም ይፈጥናሉ። እናቶቻችን ክንድ ላይ ያለውን የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ትውስታ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ በክትባት።

ኩፍኝን ደግሞ እኔ በተለይ የምፈራበት ምክንያት አለኝ። የኩፍኝ ቫይረስ የሚያስታውሱትን ሴሎች ራሳቸውን ይገድላል። ልጁ ከኩፍኙ ድኖ እንኳ ቀድሞ የሚያውቃቸውን ሌሎች በሽታዎች ይረሳል። ከኩፍኝ በኋላ በሳንባ ምችና በተቅማጥ የሚታመሙት ለዚህም ነው። በ15 ወሯ ውሰጃት፤ እለምንሻለሁ።

ቦርከና (ረቡዕ ማታ 1፡10)

ለማይክሮስኮፕ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ሆዴን እያለ ስለሚያስቸግር አስመረመርኩት። ኢኦሲኖፊል 19 በመቶ ይላል፤ ቀስቱ ወደ ላይ ነው። ይኼስ ምንድን ነው? ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ ይገባል፤ ብለው ብለው አልሰማ አለኝ።

ማይክሮስኮፕ (ረቡዕ ማታ 1፡45)

ወንዝ ማለትህ ጥሩ ነው። ኢኦሲኖፊል ከነጭ ሴሎች አንዱ ዓይነት ነው፤ በአብዛኛው ከ5 በመቶ አይበልጥም። አስምና አለርጂም ከፍ ያደርጉታል። በእኛ አገር ልጅ ላይ ግን መጀመሪያ የማስበው ትል ነው።

ትል ለአንድ ሴል የሚዋጥ አይደለም። ወስፋት እንኳ ከእርሳስ ይረዝማል። ስለዚህ ኢኦሲኖፊሎች ተሰብስበው ላዩ ላይ ወይም ዕጩ ላይ ይለጠፉና ሆዳቸው ውስጥ የያዙትን መርዝ ያፈሱበታል። ስሚር ላይ ያ መርዝ እንደ ብርቱካን የቀላ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ይታያል፤ ከሁሉም የሚያምረው ሴል እሱ ነው።

የወንዝ ነገር ካለ ቢልሃርዚያ የሚባለው ትልም ይታሰባል። ዕጩ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰገራ አስመርምረው። አንድ ቀን ባይገኝ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀንም ስጥ፤ እንቁላሉ ሁልጊዜ አይወጣም። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት በኪሎው ተለክቶ ይሰጠዋል።

ስለ ቢልሃርዚያ ሲነሳ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ያየው እሱ ነው። የእናቶቻችን እንዶድ!

ሐረጎ (ሐሙስ ማታ 3፡30)

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። አንድ ነገር ካልተናገርኩ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። የሆጤው ወንድሜ፣ ያንተ 3.3 የእህቴን ቁጥር እንዳይመስልህ። እህቴ የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ትወስድ ነበር። ከሁለተኛው ዙር በኋላ በአሥረኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አላት። ስንለካት 38.4። ጎረቤት መጥቶ «ምች ነው» አለ። ዳማከሴ አሽተን አጠጣናት። ሌሊቱን ሙሉ ጠበቅን። ያ ሌሊት እስካሁን ይቆጨኛል። ሲነጋ ራሷን ልትስት ስትል የሐረጎን ዳገት ይዘናት ወጣን። ያንተ 1.3 ማለት 1,300 ነው፤ የእሷ ኒውትሮፊል ግን 200 ነበር። ሁለት መቶ! ስምንት ቀን ተኝታ፣ በደም ሥር መድኃኒት ወስዳ ዳነች፤ አልሐምዱሊላህ።

የጠየቅኩት ሐኪም ኬሞ በፍጥነት የሚባዛን ሴል ሁሉ ይገድላል፣ መቅኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚባዛ ነው አለኝ። ሌላም ነገር ነገረኝ። ኒውትሮፊል ከሌለ መግል የለም፤ መቅላትና ማበጥም ያንሳል። ስለዚህ ኢንፌክሽኑ ምልክት አያሳይም። ያለን ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ከደረሰ እንዳትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጉ።

ነርሷ (ሐሙስ ማታ 3፡41)

ሐረጎ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ከ500 በታች ኒውትሮፊልና ትኩሳት አንድ ላይ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሆስፒታል እንደተደረሰ ወዲያው መድኃኒት መጀመር አለበት።

ጤናዳም (ሐሙስ ማታ 4፡20)

እህትህን አላህ ይማርልህ ሐረጎ። እኔ ደግሞ ክፉ አስቤ አልነበረም። ታዲያ ምግብ ምንም አይረዳም እያላችሁኝ ነው?

ማይክሮስኮፕ (ሐሙስ ማታ 4፡38)

ይረዳል እንጂ። ሴል የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በቀላል ኢንፌክሽን የሚሞተው በከፊል ለዚህ ነው። ሽሮህን፣ ምስርህን፣ እንቁላልህን ብላ፤ እንቅልፍህን ተኛ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ስኳሩን ይቆጣጠር። ስኳር ከፍ ሲል ኒውትሮፊል ይሰንፋል፤ የእግር ቁስል አልድን የሚለው በከፊል በዚህ ነው። ፌጦህንም ብላ፤ ይጥማል። በሁለት ሳምንት ቁጥር ይሞላል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ተስፋ አድርጎ ሐኪም ሳያይ የሚቀር ሰው አለ፤ የምፈራው እሱን ነው።

የሆጤው (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀን 9፡00)

ተመልሼ መጣሁ። ሐኪም አየኝ፤ ደገምኩ። ነጭ ሴል 3.8፣ ኒውትሮፊል 1.6። ስሚሩ ላይ ሴሎቹ መልካቸው ደህና ነው ተባልኩ። ኤችአይቪ የለብኝም። ሐኪሙ ይህ የእኔ የራሴ መጠን ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ፤ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ድገም ብሎ ለሥራው ፈረመልኝ።

ዛሬ ለእናቴ ልነግራት ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር ሳወጣ «እሱን አውቀዋለሁ» አለችኝ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ስታወጣ አግኝታው ኖሯል። ማንበብ ስለማትችል የጎረቤታችንን ልጅ አስነብባዋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ከሷ ስደብቅ እሷ ከእኔ ስትደብቅ፣ ለካ ማታ ማታ ግንባሬን የምትዳስሰው ለዚህ ነበር። መምህሩ የነገሩኝን የእሾህ ታሪክ ነገርኳት። «ንፍፊት በሽታ አይደለም እንዴ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ማይክሮስኮፕ (እሑድ ማታ 1፡20)

በጣም ደስ ብሎኛል። ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ አስቀምጥ፤ ፍራሽ ሥር ሳይሆን። ወደፊት ሐኪም ሲያይህ ከማሽኑ መጠን ጋር ብቻ ሳይሆን ከራስህ ቁጥር ጋር ያነጻጽረዋል።

ቦርከና (እሑድ ማታ 2፡05)

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የልጄም ውጤት ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሰገራ ላይ የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘ። መድኃኒቱን ትናንት ወሰደ። አብረውት ወንዝ የሚገቡት ሦስት ልጆች አሉ፤ ነገ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግሬ አንድ ላይ ይዘናቸው እንሄዳለን።